ስለ እርሻ ትርኢትና ስለ ጣና ዳር የኅብረት ጉዞ

የገበሬ ዓመት በሥራ የተከፈለ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ያርሳል፤ ዝናሙ ሲጸና ይዘራል፤ ከዚያም ያርማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፤ ይከምራል። በጥር ወር አውድማውን አበራይቶ እህሉን ወደ ጐተራ ካገባ በኋላ ግን እርሱም በሬውም ጥቂት ያርፋሉ። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ጥምቀትን የሚያከብረው፣ ልጁን የሚድረው፣ ዘመዱን የሚጠይቀው በዚህ ወራት ነው። ስለዚህ የአገር ገዥ፣ የወረዳ ሹም ወይም ብዙ መሬት የያዘ ባለይዞታ ለባላገሩ የሚጠቅም ነገር ሊያሳይ ቢወድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

የዚህ ትምህርት ዐሳብ ከጎንደርና ከወገራ ተነሥቶ እስከ ጎርጎራ የሚደረግ የኅብረት ጉዞ ከእርሻ ትርኢትና ከታንኳ ሽርሽር ጋር እንዴት ቢሰናዳ ለባላገሩ እንደሚጠቅም፣ እንዴትስ ቢሰናዳ እንደሚጎዳው መግለጥ ነው። ምክንያቱም ትርኢት ሁሉ ጥቅም አያመጣም። መልካም ትርኢት የአንድ ወረዳ ገበሬዎችን ዘር ያሻሽላል፤ ክፉ ትርኢት ግን የገበሬውን ሙክትና ጠላ ጨርሶ፣ ጊዜውን አጥፍቶ፣ ያለ አንዳች ትምህርት ይሰደዋል። ከዚህም የባሰ፣ ትርኢት ጥፋትን ከአገር ወደ አገር ያሻገረበት ጊዜ አለ።

ስለ ትርኢት አመጣጥ

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የእርሻ ማኅበር በ1838 ተመሥርቶ በማግሥቱ ዓመት በ1839 በኦክስፎርድ ከተማ የመጀመሪያውን ታላቅ ትርኢት አደረገ። ትርኢቱም አንዳንድ ጊዜ እየተቋረጠ እስከ 2009 ድረስ ቆይቷል። ዐሳቡ ቀላል ነበር፤ መልካም ከብትና መልካም መሣሪያ ያለው ገበሬ ያመጣል፤ የሌለው መጥቶ ያያል፤ ዋጋውንና አያያዙን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ በአንድ አውራጃ ተሰውሮ ይኖር የነበረው ዕውቀት የአገሩ ሁሉ ሆነ።

በአሜሪካ ደግሞ በ1903 ሲማን ናፕ የተባለው የእርሻ ምሁር በቴክሳስ ግዛት ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ ሌላ መንገድ ጀመረ። አዲሱን አሠራር በመንግሥት እርሻ ላይ በማሳየት ፈንታ አንድ ገበሬ በራሱ መሬት ላይ በራሱ እጅ እንዲፈትነው አደረገ። ገበሬዎች የመንግሥት እርሻን ሲያዩ «ይህ ገንዘብ ያለው ሥራ ነው» ብለው ያልፉ ነበርና፣ የጎረቤታቸውን ማሳ ባዩ ጊዜ ግን የሚያመካኙበት አጡ። ማየት ማመን ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሰው ፈጥኖ የሚያምነው እንደ እርሱ ያለ ሰው የሠራውን ሲያይ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአገራችን የእርሻ ሥራ ለብቻው ሚኒስቴር የተሾመለት በ1907 ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ነው። የጎንደር ሕዝብ ግን ከዚያ አስቀድሞ በአንድነት ወጥቶ የመሰብሰብ ልማድ ነበረው። በጥር 11 ቀን ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣው ውኃ በሚሞላው በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋና ከበለሳ የሚመጣው ሰው ይገናኛል። በቅዳሜ ገበያም የደጋው ገብስና የቆላው ሰሊጥ ጎን ለጎን ይሸጣል። ስለዚህ ትርኢት ማለት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጎደለው ሕዝቡ ሲገናኝ ዘርና ዕውቀት የሚለዋወጥበት ሥርዐት ነው።

ስለ መንገዱና ስለ ስፍራው

የደጋው ጉዞ ከደባርቅ ቢጀምር መልካም ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ፣ ለስሜን ተራሮች በር የሆነ ከተማ ነው። ከዚያ በዳባትና በወገራ በኩል ወደ ጎንደር ይወረዳል። በዚህ መንገድ ላይ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይታያል፤ ተዳፋቱም በብዙ ስፍራ እስከ አናቱ የታረሰ ነው። ከጎንደር በኋላ መንገዱ በአዘዞ ያልፋል። በዚህ ስፍራ ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ገነተ ኢየሱስን ሲያሠሩ የአትክልት ቦታና የውኃ ኩሬ አብረው አሠርተው ነበርና፣ መናፈሻና ተክል በአንድነት መኖራቸው በዚህ አገር የቆየ ነገር መሆኑን ለተጓዡ ማሳየት ይቻላል።

ከአዘዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ በቆላ ድባ በኩል ሲወረድ የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የደምቢያ ገበሬ ሽምብራን የሚዘራው ዝናሙ ሲቀንስ በመስከረም ነው፤ ቡቃያውም መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል። በጥር ወር የወገራ ሰው እህሉን ከትቶ ሲመጣ የደምቢያ ሽምብራ ገና በማሳው ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ይህ ራሱ ሳይሰናዳ የተሰናዳ ትርኢት ነው። ያለ ዝናም እሸት ሲበላ ያየ የደጋ ገበሬ ስለ አፈር እርጥበት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ጉዞው የሚፈጸምባት ጎርጎራ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የምትርቅ በጣና ሰሜናዊ ዳር ያለች ስፍራ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ አካባቢ ከትመው ነበር፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን እስኪመሠርቱ ድረስ ነገሥታቱ ወደ ሐይቁ ዳር ይመላለሱ ነበር። በሥዕሏ የታወቀችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ትገኛለች። በ2020 በተጀመረው ገበታ ለሀገር በተባለው ሥራ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ለእንግዶች ማረፊያነት ከተመረጡት ስፍራዎች አንዷ ሆናለች። የእንግዳ ማረፊያ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ የአካባቢው ገበሬ የሚሸጠው እንዲኖረው ካልተደረገ ጥቅሙ ለሌላ ይሆናልና፣ ትርኢቱ ለዚህም ይረዳል።

ስለ ትርኢቱ አሰናዳድ

ትርኢት ማለት ትልቅ ዱባና የሰባ በሬ ማሰለፍ ብቻ አይደለም። ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለ ገንዘብ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ማየት አለበት። ለዚህ ሦስት ማሳያዎች ይበቃሉ።

አንደኛው ዘርን መፈተን ነው። ለዘር ከተቀመጠው እህል ሳይመረጥ 100 ፍሬ ይቈጠራል፤ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ባለበት ይቀመጣል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ ይረጭበታል። ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ተፈትቶ የበቀለው ይቈጠራል። ከ100 ፍሬ 95 ቢበቅል ዘሩ መልካም ነው። 80 ቢበቅል ግን ቀድሞ 4 ቁና ይበቃው ለነበረው ማሳ 5 ቁና መዝራት ያስፈልጋል። ከግማሽ በታች ቢበቅል እህሉ ለምግብ ይሁን እንጂ ለዘር አይሁን። ይህን ያልፈተነ ገበሬ የዘሩን መሞት የሚያውቀው በሐምሌ፣ ማሳው ሳስቶ ባየው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ዘር መበደር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ጨርቁ አስቀድሞ ተሰናድቶ በትርኢቱ ቀን በሕዝብ ፊት ይፈታ፤ ቈጠራውንም ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ገበሬ ያድርገው። ዘር መርጣ፣ እንክርዳድ ለቅማ፣ ነቀዝ ጠብቃ የምታኖር የቤት እመቤት ናትና ሴቶች ከዚህ ማሳያ ፊት እንዲቆሙ ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው የአፈር መታጠብ ነው። ሁለት ገበቴ አፈር ይሞላል፤ አንዱ ባዶውን የታረሰ አፈር፣ ሁለተኛው ሣር የበቀለበት አፈር ይሁን። ሁለቱም በእኩል ተዳፋት ይቀመጡ፤ ከበታቻቸው ጠርሙስ ይደረግ። በተበሳ ጣሳ እኩል ውኃ ይፍሰስባቸው። ከሣሩ የሚወርደው ውኃ ጥቂትና ጠራ ያለ ይሆናል፤ ከባዶው የሚወርደው ግን ብዙና እንደ ጭቃ የደፈረሰ ነው። የወገራ ገበሬ ጠርሙሱን ካየ በኋላ የሐይቁን ዳር ይመልከት። በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራና በግልገል ዐባይ የሚወርደው ደለል የደጋው እርሻ ነበረ። ለደጋው ሰው አፈሩ ጠፋ፤ ለቆላው ሰው ደለል ሆኖ ወንዙን ሞላ፤ ማሳውን አጥለቀለቀ። እርከን ለመሥራት ሕዝብን ከማዘዝ በፊት ይህን ጠርሙስ ማሳየት ይሻላል፤ በትእዛዝ ብቻ የተሠራ እርከን የሠራው ሰው ራሱ ያርሰዋልና።

ሦስተኛው ስለ ጓያ ነው። ጓያ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ በብዙ ይዘራል፤ ድርቅም ውኃ መተኛትም ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ነገር ግን በችግር ዘመን ለወራት ከእርሱ በቀር የማይበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል፤ ከተሽመደመደም በኋላ ፈውስ የለውም። አንዳንድ ሰው ከእንፋሎቱ ወይም ከገለባው ላይ ከመተኛት የሚመጣ ይመስለዋል፤ ጉዳቱ ግን በፍሬው ውስጥ ካለው መርዝ ነው። ፍሬውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር አደባልቆ መብላትም ይረዳል፤ ዋናው ግን የዘወትር ምግብ አለማድረግ ነው። የወረዳ ሹም በክፉ ዓመት የጓያ ዋጋ ሲወደድና ሌላው እህል ከገበያ ሲጠፋ ባየ ጊዜ ይህ የማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑን ይወቅ፤ እህልም ሳይዘገይ ይጠይቅ።

ሽልማትን በተመለከተ፣ ዳኞቹ በገበሬዎች የተመረጡ ገበሬዎች ይሁኑ። ሹም ከፈረደ ሽልማቱ ለዘመዱ ሰጠ ይባላል፤ ባይሰጥም ይባላል። ሽልማቱም ሜዳሊያ ከሚሆን ይልቅ ማረሻ፣ የተፈተነ ዘር ወይም የንብ ቀፎ ቢሆን ይሻላል። ተሸላሚው ደግሞ እንዴት እንደ ሠራ በሕዝብ ፊት ይናገር፤ ትርኢቱ የሚደረገው ስለዚህ ነገር ነውና።

ስለ ታንኳ ጉዞ

ከትምህርት በኋላ ደስታ ይገባል። የደጋ ሰው ብዙ ውኃ አላየምና ታንኳ ሲሳፈር ደስታው ትልቅ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ ትልቅ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በከንቱ አይደለም። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ እጅግ በራቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ውኃው ሰፊና ዝቅተኛ ስለ ሆነ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ፈጥኖ ይቆማል። ስለዚህ ታንኳ የሚወጣው በጧት፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ነፋሱ ከሚበረታበት ከቀትር በኋላ ማንም አይሳፈር።

የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። የደንገሉ አገዳ በውስጡ አየር ስለ ያዘ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን በውኃ ላይ በቆየ ቍጥር ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። የታንኳውን ዕድሜ፣ የሚችለውን ሸክምና የነፋሱን ጠባይ የሚያውቁት በዚህ ሥራ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችና የሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ናቸው። «ዛሬ አይወጣም» ያሉ እንደ ሆነ ሹሙ ራሱ ቢቸኩል እንኳ ሊታዘዛቸው ይገባል። በብዙ ዘመን የተናቁ ሰዎች ናቸውና፣ በትርኢቱ ቀን ታንኳ ሲያስሩ ሕዝቡ እንዲመለከት ማድረግና ዋጋቸውን በሙሉ መክፈል ለእነርሱ ክብር፣ ለተመልካቹም ትምህርት ነው።

ተሳፋሪ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በታንኳ ላይ አይቁም፤ ከባለታንኳው ቃል በላይ አንድ ሰው እንኳ አይጨመር። በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለተሳፋሪው ሁሉ ካልተገኘ፣ ለተገኘለት ብቻ ይሁን። ሁለት ታንኳ ሳይሆን አንድ ብቻውን አይውጣ። ልጆች ያለ አዋቂ አይሳፈሩ።

ደግሞ በሐይቁ ዳር ውኃ ውስጥ በእግር መግባትና መዋኘት ያስፈራል። በጣና ዳር በጎርጎራም ጭምር ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ይገኛል፤ ይህም በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በውኃ ያለውን ሰው በቆዳው በኩል የሚገባ ትል ነው። በደምቢያ ሜዳ ደግሞ ወባ አለ። በ1953 በዚሁ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር፤ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የዚህ መከራ ትዝታ ትኩስ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው ወባን ያልለመደ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይታመማል፤ ስለዚህ ጉዞው አዳር ካለበት አጎበር ሳይያዝ አይሁን።

ስለ እምቦጭ

ከላይ ትርኢት ጥፋትን ከአገር ወደ አገር ሊያሻግር ይችላል ተብሏል። በ1884 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተደረገው ታላቅ የጥጥ ትርኢት ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው የውኃ ተክል ለጎብኚዎች ስጦታ ሆኖ ይታደል እንደ ነበረ ሲነገር ቆይቷል። ተክሉ እምቦጭ ነው፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሰው ለአበባው ውበት ሲል ከአገር ወደ አገር እየወሰደው ወንዞችንና ሐይቆችን ሸፈነ። በ1990ዎቹ የቪክቶሪያን ሐይቅ ወደቦች ዘግቶ ነበር። በጣና መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው፤ የደረሰውም በዚሁ በሰሜኑ ዳር፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አጠገብ በበረታ ሁኔታ ነው።

እምቦጭ ከጐኑ በሚያወጣው ሐረግ እየተቀጣጠለ ይራባል፤ በሚመቸው ስፍራ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ፍሬው በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዓሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋበታል፤ ዓሣውን ያፍነዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው የሚዘራበትን ባሕር ሸሽ መሬት ይሸፍናል። በ2017ና ከዚያ በኋላ ከጎንደርና ከሌሎች ከተሞች ብዙ ወጣቶች፣ ተማሪዎችና ገበሬዎች በፈቃዳቸው ወርደው በእጃቸው ነቅለዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ምሳሌ በዚያ ታይቷል። ነገር ግን ሥራው በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ አልሆነም፤ የተነቀለው በዳር ተጥሎ ማዕበል መልሶ የወሰደበት ስፍራም ነበር።

ስለዚህ የጉዞው ሰዎች አንድ ቀናቸውን ለዚህ ሥራ ቢሰጡ፣ የተነቀለው ከውኃው ዳር ርቆ፣ ማዕበልና ጎርፍ በማይደርስበት ስፍራ እንዲደርቅ ያድርጉ። ታንኳና ጀልባ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በታቹ ላይ ቍራጭ እንዳልተጣበቀ ይመርመር። አበባው ቢያምርም ማንም ቀጥፎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ኩሬው ወይም ወደ ወንዙ እንዳይወስድ ይነገር።

ስለ ወጪና ስለ መስተንግዶ

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በአንድ ነገር ይበላሻል፤ እርሱም ግብዣ ነው። ትርኢት ተደረገ በተባለበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ለሹሞቹ ዳስ ይጣላል፤ ሙክት ይታረዳል፤ ወጪው በገበሬው ላይ ይደለደላል። ከ1975 የመሬት ዐዋጅ በፊት የነበረው ባላገር የመስተንግዶን ዕዳ ከግብሩ በላይ ያውቀው ነበር፤ ዐዋጁ ባለርስትነትን ካስቀረ በኋላም «መዋጮ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ አሁንም ይፈራል። ስለዚህ ትርኢት የሚያደርግ ሹም የተጋበዘው ገበሬ መሆኑን፣ ራሱ ጋባዥ መሆኑን አይርሳ። ወጪው አስቀድሞ ተጽፎ በግልጥ ይታወቅ፤ ከባላገሩ አንድ ቁና እህልም ሆነ አንድ በግ አይጠየቅ። ስንቁን ይዞ የመጣ ሰው ይብላው፤ ሹሙም ከእርሱ ጋር ይቀመጥ።

ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ ሕዝብን ከቤቱ ማውጣት ታላቅ ኃላፊነት ነው። ጥርጥር ካለ ጉዞው ይቅር፤ ሦስቱ ማሳያዎች ግን በየቀበሌው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በገበያ ቀን ሊደረጉ ይችላሉ። አንድ ጨርቅ፣ ሁለት ገበቴና አንድ እፍኝ ጓያ ጎርጎራ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ከትርኢቱ በኋላ ለበላይ የሚላከው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የመጣውን ሰው ቍጥርና የተደረገውን ንግግር የሚገልጥ ነው። ይህ አይበቃም። ሹሙ በሚቀጥለው ሰኔ ከዘር በፊት በወረዳው ዞሮ ስንት ቤት ዘሩን በረጠበ ጨርቅ እንደ ፈተነ ይጠይቅ፤ በመስከረም ደግሞ ያልፈረሰ እርከን ያለበትን ማሳ ይቍጠር። ቍጥሩ ጥቂት ቢሆን እንኳ እውነተኛውን ይጻፍ። ከአንድ ሺህ ተመልካች ይልቅ ዘሩን ፈትኖ የዘራ አንድ ገበሬ በሚቀጥለው ጥር ትርኢቱን በገዛ ማሳው ላይ ያሳያል፤ ጎረቤቱም ማንም ሳይጠራው አጥሩን ተሻግሮ መጥቶ ያያል።